ስፖክን ለምን ገደላችሁት?

የድሮ የቴሌቪዥን ድራማዎች ወደ ሲኒማ ሲመለሱ አድናቂ የሚፈራውና የሚጎዳው
(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1981 ከሆሊውዱ ፓራማውንት ስቱዲዮ አንድ ምስጢር አፈተለከ። በዝግጅት ላይ ባለው ሁለተኛው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ውስጥ ስፖክ ሊሞት ነው የሚል። ስፖክ የእውነት ሰው አይደለም። ጆሮው የሾለ፣ ስሜቱን የማያሳይ፣ በእናቱ ሰው በአባቱ የሌላ ፕላኔት ዘር የሆነ፣ ሌናርድ ኒሞይ በቴሌቪዥን የተጫወተው ገጸ ባህሪ ነው። ይሁን እንጂ ወሬው ሲሰማ ተቃውሞው ጎረፈ። አድናቂዎች ከኪሳቸው ከፍለው በፊልም ኢንዱስትሪው ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ አወጡ፤ ታሪኩ ይቀየር አሉ። የፊልሙ ዳይሬክተር ኒኮላስ ሜየር የግድያ ዛቻ ያለበት ደብዳቤ እንደደረሰው ከጊዜ በኋላ ተናግሯል።

ከሩቅ ለሚያየው ነገሩ ያስቃል። «ለፈጠራ ሰው ይህን ያህል?» የሚል ካለ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ንባብ በሬዲዮ ያደመጠን ሰው ይጠይቅ። ያ አድማጭ የጉዱ ካሣን ድምፅ ያውቀዋል፤ የሰብለ ወንጌልን መልክ በልቡ ስሎታል። ሌላ ሰው መጥቶ «ሰብለ ይህቺ ናት» ብሎ በምስል ሊያሳየው ሲነሳ ጉጉቱና ስጋቱ እኩል ይመጣሉ። የሚወደውን ዳግም ማየት ይፈልጋል፤ የሚወደው እንዳይበላሽበትም ይፈራል።

ሆሊውድ ላለፉት አምስት አሥርት ዓመታት ይህንን ጉጉትና ስጋት ሲነግድበት ኖሯል። የድሮ ድራማ ስሙ የታወቀ ነው፤ ማስታወቂያው ገና ሳይሠራ ግማሹ ተሠርቷል። የዚህን ንግድ ታሪክ መለስ ብሎ ያየ ሰው ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። አድናቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ለውጥን ነው። እውነተኛው ጉዳት ግን በሌላ በር ነው የገባው።

ድራማውን በሕይወት ያቆየው ማን ነው?

«ስታር ትሬክ» ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ፈጣሪው ጂን ሮደንበሪ ነው። ኢንተርፕራይዝ የምትባል የጠፈር መርከብ በከዋክብት መካከል እየዞረች አዳዲስ ዓለማትን ትፈልጋለች። አዛዡ ካፒቴን ከርክ ነው፤ ከጎኑ ስፖክና ዶክተር መኮይ አሉ። የዘመኑን ተመልካች ያስደነቁት ግን ከመርከቧ ይልቅ መርከቧ ውስጥ አብረው የተቀመጡት ሰዎች ነበሩ። የመገናኛ መኮንኗ ኡሁራ ጥቁር ሴት ናት። መሪ ዘዋሪው ሱሉ የእስያ ዝርያ ያለው ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ደግሞ፣ ያውም በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል፣ ቼኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ተጨመረ። ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው በወጡበት ጎዳና በሚደበደቡበት ዘመን ድራማው በየሳምንቱ አንድ ቃል ይገባ ነበር፦ የሰው ልጅ ይህን ሁሉ ይሻገረዋል።

ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትለቅ ወስና ነበር። እሷ ደጋግማ እንደተረከችው፣ ያን ሰሞን በአንድ ዝግጅት ላይ ያገኟት ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳትለቅ አጥብቀው መከሯት። ጥቁር ሕዝብ በቴሌቪዥን መታየት ባለበት ልክ የታየው በእሷ ቦታ መሆኑን ነገሯት። እሷም ቀረች። በ1992 ወደ ጠፈር በመሄድ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የሆነችው ሜ ጄሚሰን በልጅነቷ ኡሁራን እያየች ማደጓን ትናገራለች። በመንኮራኩሩ ውስጥ ፈረቃዋን ትጀምር የነበረውም ኡሁራ ዘወትር በምትናገረው የሬዲዮ ጥሪ ነበር።

ይህንን ድራማ ኤንቢሲ ገና በሁለተኛ ዓመቱ ሊዘጋው አሰበ። የተመልካቹ ቁጥር አላጠገበውም። በ1967 መጨረሻ ግን ቢጆና ጆን ትሪምብል በሚባሉ ባልና ሚስት አስተባባሪነት የደብዳቤ ዘመቻ ተጀመረ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ደብዳቤ ጣቢያው ደረሰ። የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቡርባንክ ወዳለው የጣቢያው ቢሮ ሰልፍ ወጡ። ኤንቢሲ እጁን ሰጠ፤ ድራማው እንደሚቀጥልም በአየር ላይ አስታወቀ። የቀጠለው ግን በጀቱ ተቀንሶ፣ ሰዓቱም ወጣቱ ከቤት ወጥቶ ወደሚያመሽበት ወደ ዓርብ ሌሊት ተገፍቶ ነበር። በ1969 በ79ኛው ክፍል ተዘጋ።

ሌላ ድራማ ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። በ1970ዎቹ ግን በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች የድሮዎቹን ክፍሎች ደጋግመው ማሳየት ጀመሩ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያዩት ይህንን ሆነ። በጃንዋሪ 1972 ኒው ዮርክ ውስጥ አድናቂዎች አንድ ስብሰባ ጠሩ። አዘጋጆቹ ጥቂት መቶ ሰው ጠብቀው ከ3 ሺህ በላይ መጣ። በ1976 ናሳ የመጀመሪያውን የጠፈር መንኮራኩር «ኮንስቲትዩሽን» ሊለው ሲዘጋጅ አድናቂዎች ለፕሬዚዳንት ፎርድ ደብዳቤ አጎረፉና ስሙ «ኢንተርፕራይዝ» ሆነ። መንኮራኩሩ ከማምረቻው በወጣበት ቀን የድራማው ተዋንያን በክብር እንግድነት ተገኙ።

በሕግ ዓይን ድራማው የፓራማውንት ንብረት ነው። ጠባቂው ግን ተመልካቹ ሆኖ ቆየ። ከዚህ በኋላ የመጣው ጠብ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ፣ ባለአደራው ሌላ።

ሁሉም ባለበት የጎደለው

ፓራማውንት በ1977 አዲስ የ«ስታር ትሬክ» የቴሌቪዥን ተከታታይ ለመሥራት ሽር ጉድ ይል ነበር። በዚያው ዓመት «ስታር ዋርስ» ወጣና የሲኒማ ቤት ሰልፍ በየአደባባዩ ዞረ። የስቱዲዮው አለቆች ዕቅዱን አጥፈው ወደ ትልቁ ስክሪን ዞሩ። ሥራው ሁለት ጊዜ የዳይሬክተርነት ኦስካር ለተሸለመው ለሮበርት ዋይዝ ተሰጠ። ወጪው ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ለዚያን ጊዜ ከባድ ገንዘብ ነው።

ዲሴምበር 1979 ላይ ፊልሙ ሲወጣ የአድናቂው ምኞት በወረቀት ደረጃ በሙሉ ተሟልቶ ነበር። ከርክ አለ፣ ስፖክ አለ፣ መኮይ አለ፣ ኡሁራ አለች፣ ሱሉና ቼኮቭ አሉ። ተዋንያኑ እነዚያው ናቸው። መርከቧም ከድሮው ይልቅ አምራለች። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 139 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ሆኖም ብዙ አድናቂ ቅር ብሎት ወጣ። ካሜራው መርከቧን ሲዞር ይቆያል፤ ሰዎቹ ግን እርስ በርስ እንደ ድሮው አይጨዋወቱም፣ አይነካኩም፣ አይሳሳቁም። በርዕሱ ውስጥ «ተንቀሳቃሽ ምስል» የሚል ሐረግ ስላለ ቀልደኞቹ «የማይንቀሳቀሰው ተንቀሳቃሽ ምስል» አሉት።

የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። ምንም የተቀየረ ሰው የለም፤ አንድም ገጸ ባህሪ አልተነካም። ለውጥን የሚፈራ አድናቂ የሚቆጣበት ምክንያት አልነበረውም። ቤቱ በሙሉ ዕቃው አለ፤ የቤቱ ሞቅታ ግን የለም።

የተፈራው ሞት

ሁለተኛው ፊልም በጀቱ ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። ሮደንበሪ ከአዘጋጅነት ተነስቶ አማካሪ ብቻ ተደረገ። በቦታው የመጣው ሃርቭ ቤኔት የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር ነው፤ የድራማው አድናቂ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ኒኮላስ ሜየርም ድራማውን እየተከታተለ ያደገ ሰው አይደለም። በዚህ ላይ ስፖክ ይሞታል ተባለ። ፈጣሪው ሮደንበሪ ራሱ ሞቱን ተቃወመ። እውነት ለመናገር የአድናቂው ስጋት በቂ ምክንያት ነበረው፤ እንግዳ ሰዎች፣ ትንሽ ገንዘብ፣ የተወዳጅ ሰው ሞት።

እንግዶቹ ግን የቤት ሥራቸውን ሠሩ። ቤኔት ቁጭ ብሎ የድሮዎቹን ክፍሎች በሙሉ አየ። ሲያይ በ1967 በተላለፈ አንድ ክፍል ውስጥ ካን የሚባል ጠላት አገኘ። ሪካርዶ ሞንታልባን የተጫወተው ይህ ሰው በክፍሉ መጨረሻ ከተከታዮቹ ጋር በአንድ ሰው አልባ ፕላኔት ላይ እንዲኖር ተትቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ማንም አልጠየቀም። ቤኔት ጠየቀ፤ ፊልሙም ከዚያ ጥያቄ ተወለደ። ሜየር ደግሞ ነገሩን እንደ ባሕር ኃይል ታሪክ ተረዳው። አዛዥ፣ መርከብ፣ እርጅና፣ ጓደኝነት። ስክሪፕቱንም በ12 ቀን ውስጥ እንደገና ጻፈው።

ያፈተለከውን ምስጢር የያዙበት መንገድ ብልህነት ነበረው። ፊልሙ ሲጀምር መርከቧ ትመታለች፤ ስፖክም ወድቆ «ይሞታል»። ወዲያው መብራት ይበራና የሥልጠና ልምምድ መሆኑ ይታወቃል። ወሬውን ሰምቶ የመጣው ተመልካች እፎይ ይላል፤ «ለካ ይቺን ነው ያወሩት»። በመጨረሻ እውነተኛው ሞት ሲመጣ ማንም አልተዘጋጀም። መርከቧን ለማዳን ስፖክ ገዳይ ጨረር ወዳለበት ክፍል ይገባል። ከርክ ደርሶ በመስታወት ማዶ ይቆማል፤ ሊነካው እንኳ አይችልም። ዕድሜውን ሁሉ ሞትን እያታለለ ያመለጠው ካፒቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ማምለጫ ያጣል።

ያ ትዕይንት ለምን ሠራ? ከጀርባው 15 ዓመት ስለነበረው ነው። ተመልካቹ ሁለቱ ሰዎች ሲከራከሩ፣ ሲቀላለዱ፣ አንዱ ለሌላው ሲደርስ በ79 ክፍሎች አይቷል። ፊልሙ የቆየውን ወዳጅነት በጥሬው መዘዘና ትክክለኛውን ዋጋ ከፈለበት። ጁን 1982 ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ገቢው ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ለዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነው። አድናቂዎች ከ«ስታር ትሬክ» ፊልሞች ሁሉ ደጋግመው በአንደኛነት የሚያስቀምጡት እንዳይሠራ የታገሉትን ይህንኑ ፊልም ነው።

ያልተለወጠው ፊልም ቀዘቀዘ፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ፊልም ተወደደ። እንግዲያውስ አድናቂውን በእርግጥ የሚጎዳው ምንድን ነው?

ጀግናው ከሃዲ ሲሆን

መልሱን ለማግኘት ሌሎች ሦስት ድራማዎችን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው «ሚሽን ኢምፖሲብል» ነው። ብዙው የዛሬ ተመልካች ይህንን ስም ሲሰማ የሚታየው ቶም ክሩዝ ነው፤ ከሕንፃ ላይ ሲንጠለጠል፣ ከአውሮፕላን ሲዘል። ድራማው ግን ከ1966 እስከ 1973 ሲተላለፍ የአንድ ኮከብ ታሪክ አልነበረም። የቡድን ሥራ ነበር። አንዱ መልክ ይለውጣል፣ አንዱ ሽቦ ይቀጥላል፣ አንዷ ጠላትን ታዘናጋለች፤ ሥራው ሲያልቅ ማንም ሳያውቃቸው በመኪና ይሄዳሉ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የቡድኑ መሪ ጂም ፌልፕስ ነበር። ፒተር ግሬቭስ የተጫወተው ይህ ሰው የማይናወጥ፣ የሚታመን መሪ ነው።

በ1996 በብራያን ደ ፓልማ ዳይሬክተርነት ፊልሙ ወጣ። ቡድኑ ፊልሙ ከመጋመሱ በፊት አለቀ። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያስገደለው ከሃዲ ማን ሆኖ ተገኘ? ጂም ፌልፕስ። ግሬቭስ ሚናውን እንዲጫወት ተጠይቆ ነበር፤ ገጸ ባህሪው ምን እንደሚሆን ሲያውቅ አልፈልግም አለ። ቦታውን ጆን ቮይት ያዘ። ከድሮዎቹ ተዋንያን መካከል ማርቲን ላንዳውም በፊልሙ አለመደሰቱን በይፋ ተናግሯል።

ገንዘቡ ግን መጣ። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ450 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ከተከታዮቹ ጋርም ፊልሞቹ እስከ 2025 ድረስ ስምንት ደረሱ። «አድናቂ ይጮኻል፣ ገበያው ግን ይፈርዳል» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ነገር ግን ሳጥኑ ውስጥ የገባው ገንዘብ ጂም ፌልፕስን አልመለሰውም። ከ1996 በኋላ የተወለደ ሰው ፌልፕስን የሚያውቀው፣ ካወቀው፣ በከሃዲነት ነው። ለዓመታት የቆየ ታማኝነት በሁለት ሰዓት ተሰረዘ። ፊልሞቹ ራሳቸው ይህንን ዕዳ የረሱት አይመስልም፤ በ2025ቱ ክፍል ውስጥ አንዱ ገጸ ባህሪ የጂም ፌልፕስ ልጅ ሆኖ ብቅ ይላል። ከ29 ዓመት በኋላ!

ሁለተኛው ምሳሌ የ1999ኙ «ዋይልድ ዋይልድ ዌስት» ነው። ድራማው ከ1965 እስከ 1969 የተላለፈ፣ በባቡር እየተጓዙ የሚሠሩ ሁለት የመንግሥት ሰላዮች ጀብዱ ነው። ፊልሙ ዊል ስሚዝን፣ ኬቨን ክላይንን፣ አንድ ግዙፍ የብረት ሸረሪትና ወደ 170 ሚሊዮን ዶላር ይዞ መጣ። ከድራማው የወሰደው ስሙንና ልብሱን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የድራማው ዋና ተዋናይ ሮበርት ኮንራድ በአደባባይ ነቀፈው። ፊልሙ የዓመቱ መጥፎ ፊልሞች የሚመረጡበትን የራዚ «ሽልማት» ሲያገኝ ሽልማቱን ለመቀበል መድረክ ላይ የወጣው ኮንራድ ራሱ ነበር። ከዚህ የበለጠ የተቃውሞ ሰልፍ የለም።

ሦስተኛው የ1993ቱ «ዘ ፊውጂቲቭ» ነው። ዶክተር ሪቻርድ ኪምብል ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ በሐሰት ይፈረድበታል፤ ያመልጣል፤ አንድ እጅ ያለውን እውነተኛ ገዳይ ይፈልጋል። ድራማው ከ1963 እስከ 1967 ተላለፈ። የመጨረሻውን ክፍል አሜሪካ ውስጥ ወደ 78 ሚሊዮን ሰው አየው። መጨረሻውን ሕዝብ የሚያውቀውን ታሪክ እንደገና መሥራት ድፍረት ነው። አንድሩ ዴቪስ የሠራው ፊልም ብዙ ነገር ቀየረ። ዘመኑን፣ የግድያውን ምክንያት፣ የአሳዳጁን ሹመት ሳይቀር ቀየረ። ነገር ግን ሃሪሰን ፎርድ የተጫወተው ኪምብል ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሠራተኛ ልብስ ተደብቆ ሳለ አንድ የተጎዳ ልጅ ያያል። የተሰጠው ምርመራ ስህተት መሆኑ ይገባዋል። ዝም ብሎ ቢያልፍ ማንም አያየውም። እሱ ግን ወረቀቱን ይቀይርና ልጁን ወደ ቀዶ ሕክምና ይልከዋል፤ በዚህም ይነቃበታል።

ድራማውን የሚያውቅ ተመልካች እዚህ ጋ ልቡ ይረጋል። ዴቪድ ጃንሰን የተጫወተው የድሮው ኪምብል በየሳምንቱ ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነውና፦ ለመሸሽ ጊዜ እያለው ሰው ለመርዳት ይቆማል። ፊልሙ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ ለሰባት ኦስካር ታጨ፤ አሳዳጁን የተጫወተው ቶሚ ሊ ጆንስም ተሸለመ።

ሦስቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ነገሩ ይጠራል። ሦስቱም ድራማውን ቀይረዋል። «ዘ ፊውጂቲቭ» ድራማው ለተመልካቹ የገባውን ቃል ጠብቆ ሌላውን ሁሉ ቀየረ። «ሚሽን ኢምፖሲብል» ዜማውን፣ የሚቃጠለውን ካሴትና ጭምብሉን ጠብቆ ቃሉን አፈረሰ። «ዋይልድ ዋይልድ ዌስት» ደግሞ ቃል መኖሩንም ያወቀ አይመስልም። አድናቂው ልብስና ዕቃ ሲቀየር ያጉረመርማል፤ ቃል ሲፈርስ ግን ይቆስላል።

አንድ ሞት ሁለት ጊዜ

ወደ «ስታር ትሬክ» እንመለስ። በ2009 ጄ.ጄ. ኤብራምስ አዲስ ፊልም ሲሠራ የሚፈራው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ከርክና ስፖክ በአዳዲስ ወጣት ተዋንያን ሊተኩ ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ በልጅነቱ የ«ስታር ዋርስ» እንጂ የ«ስታር ትሬክ» ሰው እንዳልነበር ራሱ ይናገራል።

ሠሪዎቹ ግን ለባለአደራው ያላቸውን አክብሮት በታሪኩ ውስጥ አስገቡት። ያረጀው ስፖክ፣ ራሱ ሌናርድ ኒሞይ፣ ከወደፊቱ ዘመን መጣ፤ በእሱ መምጣትም ታሪክ ቅርንጫፍ አወጣ። የድሮው መስመር እንዳለ ይኖራል፣ አዲሱ ከጎኑ ይሄዳል። ማንም አልተሰረዘም። ኤፕሪል 2009 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ደግሞ አድናቂዎች «የካን ቁጣ» የተሰኘውን የ1982ቱን ፊልም ሊያዩ ተሰብስበው ሳለ ፊልሙ ተቃጠለ ተብሎ ተቋረጠ። ኒሞይ መድረክ ላይ ወጣና አዲሱን ታዩ እንደሆን ጠየቃቸው። ከዚያ ፊልሙ ለሌላው ዓለም ከመታየቱ በፊት ለእነሱ ሙሉውን ታየ። ብልጥ ማስታወቂያ ነው፤ ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ቅድሚያው የእናንተ ነው።

በ2013 የወጣው ተከታይ ሌላ መንገድ ሄደ። ጠላቱ ካን ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ሠሪዎቹ ለወራት ሸሸጉ፤ ፊልሙ ሲወጣ ካን ነበር። ኤብራምስ ራሱ ምስጢሩን ባንይዘው ይሻል ነበር ብሏል። የባሰው ግን መጨረሻው ነው። የ1982ቱ የሞት ትዕይንት ተገልብጦ ቀረበ፤ ጨረር ወዳለበት ክፍል የገባው ከርክ፣ በመስታወት ማዶ የቆመው ስፖክ። ብዙው ቃል፣ አቋቋሙ፣ በመስታወቱ ላይ የተዘረጋው እጅ ሳይቀር የድሮው ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ወጣቶች ገና መተዋወቃቸው ነው። ከጀርባቸው 15 ዓመት የለም። የሞተውም ከርክ ፊልሙ ሳያልቅ በካን ደም ዳነ። የመጀመሪያው ሞት የሁለት ዓመት ሐዘን ጠይቋል፤ ሁለተኛው የደቂቃዎች።

ይህ ፊልምም ገንዘብ አላጣም፤ እንዲያውም ከ2009ኙ የበለጠ አስገባ። በዚያው ዓመት በላስ ቬጋስ በተካሄደው የአድናቂዎች ጉባኤ ላይ ግን ተሰብሳቢው ከ«ስታር ትሬክ» ፊልሞች ሁሉ መጨረሻ ላይ አስቀመጠው።

አድናቂው ለ50 ዓመታት ሲጠይቅ የኖረው «የምንወደውን እንዳለ ስጡን» ነበር። የ2013ቱ ፊልም እንዳለ ሰጠው። የተወደደው ትዕይንት፣ የተወደደው ጠላት፣ የተወደደው ቃል። እናም ከሁሉ በላይ ያስቆጣው እሱ ሆነ። ትዝታን መቅዳት ትዝታን ማክበር አይደለም። ዋጋው ያልተከፈለበት ሞት የለቅሶ ቤት ድንኳን ብቻ ነው፤ ለቀስተኛ የለውም።

ባለቤትና ባለአደራ

ይህ ማለት አድናቂ ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የዛቻ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ፍቅሩ ወደ ባለቤትነት ስካር ተቀይሯል። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎችም ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል አይይዙም። በ2016 በወጣው ፊልም ውስጥ ሱሉ ከወንድ ጋር የሚኖር ሰው ሆኖ ቀረበ፤ ሠሪዎቹ ይህንን ያደረጉት የመጀመሪያውን ሱሉ የተጫወተውንና ግብረ ሰዶማዊነቱን በይፋ የተናገረውን ጆርጅ ታኬይን ለማክበር እንደሆነ ገለጹ። ታኬይ ራሱ ግን አልተደሰተም፤ ሮደንበሪ ገጸ ባህሪውን እንዲያ አድርጎ አልፈጠረውም አለ። የተከበረው ሰው ክብሩን አልፈልግም አለ ማለት ነው። ቃሉን የጠበቀው ማን ነው? ለሁሉም ሰው በመርከቧ ላይ ቦታ አለ የሚለውን ያስፋፋው ወይስ የፈጣሪውን አሻራ ያስጠበቀው? በዚህ ላይ አድናቂዎችም ተከፋፍለዋል።

ሕጉ ግን አይከፋፈልም። በዲሴምበር 2015 ፓራማውንትና ሲቢኤስ ከሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስበው የራሳቸውን የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ሊሠሩ የተነሱ አድናቂዎችን ከሰሱ። ጉዳዩ በጃንዋሪ 2017 በስምምነት አለቀ። በመካከሉ ስቱዲዮዎቹ ደንብ አወጡ፦ አድናቂ የሚሠራው ፊልም ከ15 ደቂቃ፣ በሁለት ክፍል ከሆነም ከ30 ደቂቃ አይብለጥ፤ የሚሰበስበው ገንዘብ ከ50 ሺህ ዶላር አይለፍ። በ1968 ድራማውን ከሞት ያዳነው ዓይነት ሰው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በደቂቃ ተለክቶ ተፈቀደለት። ስቱዲዮው ንብረቱን የማስከበር መብት አለው፤ ማንም አይክደውም። ሆኖም ያ ንብረት ዋጋ ያገኘው በማን ጉልበት ነው የሚለውን ጥያቄ ምንም ደንብ አይመልሰውም።

ስለዚህ ወደፊት የሚወደድ የድሮ ድራማ ወደ ሲኒማ ሊመለስ ነው የሚል ዜና ሲሰማ፣ አሜሪካም ይሁን ሌላ አገር፣ «ተዋናዩ ይመስላል ወይ? ዕቃው ያው ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ርቀት አይወስድም። ቤኔት የድሮዎቹን ክፍሎች ቁጭ ብሎ ሲያይ የፈለገው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነበር። አንድ ትውልድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ምን ተነግሮት ነበር? የትኛውን ቃል አምኖ አደገ? ያ ቃል ከተጠበቀ ስፖክም ቢሞት ተመልካች አልቅሶ ይቅር ይላል። ካልተጠበቀ ግን ስፖክን አሥር ጊዜ ቢያስነሱት ሞቶ የሚቀረው ሌላ ነገር ነው፦ እምነቱ።